ሁለት አምስተኛ

እናቴ አስተማሪዬ ነበረች። ይህን ስል «ታድለሽ!» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ኧረ ተዉኝ። እናቷ የምታስተምራት ልጅ የምታየውን አበሳ ያየች ታውቀዋለች። ቤት «እማ» የምላትን ሴት የትምህርት ቤቱን በር ካለፍን በኋላ «ቲቸር» ማለት ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛኝ ትመጣና በሩ ጋ ስንደርስ ትለቀኛለች። ከዚያ እሷ ወደ መምህራን ክፍል፣ እኔ ወደ ሰልፍ። ከሁሉ የባሰው ግን እጄን ሳወጣ አታየኝም ነበር። አምስተኛ «ለ» ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጆች ነበርን። ስልሳ አንዱን ትጠይቃለች፤ እኔን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም።

«ለልጇ ታደላለች ይሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን ሳለቅስባት። «አንቺ የምታውቂውን እኔ አውቀዋለሁ። ለኔ ቤት ትነግሪኛለሽ።»

እውነቷን ነው፣ ቤት እነግራት ነበር። ድንች እየላጥን ግማሽና ሲሶ እንደምር ነበር። ክፍልፋይ ክፍል ውስጥ ሳይጀመር እኔ ጨርሼው ቁጭ ብያለሁ። ግን ቤት መመለስና ክፍል ውስጥ መመለስ አንድ ነው እንዴ? ክንዴ እስኪዝል ጣቴን ቀስሬ እቆይና እሷ «አንተ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለኸው» ትላለች።

የውጭ አገር ሰዎች መምህራን ሊወስዱ ይመጣሉ የሚለው ወሬ የተሰማው ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ወሬውን ያመጣችው አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መርፌ በጥርሷ ይዛ እንኳ ማውራት አታቆምም። እንደነገረችን ከሆነ የሰዎቹ አገር ውስጥ የሂሳብና የሳይንስ አስተማሪ ጠፍቷል። ልጆቻቸው ያለ መምህር ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እየዋሉ ነው። ስለዚህ ባሕር ተሻግረው ሊፈልጉ መጡ።

«ሁለት ዓመት ምን አላት?» አለች። «ዐይንሽን ጨፍነሽ ስትከፍቺ ታልቃለች። ይቺንም ልጅ ደህና ቦታ ታስተምሪያታለሽ፣ ከሰው ቤትም ትወጣላችሁ።»

አባቴ አናጢ ነበር። የሥራ እርሳሱን በቢላ እየቀረጸ «ላም አለኝ በሰማይ» አለ፤ ወተቷን ሳይጨምር ተወው።

«አንተ ደግሞ!» አለችው አክስቴ።

እናቴ ደብተር እያረመች ነበር። ለወትሮው እያረመች ሁሉንም ነገር ትሰማለች፣ መልስም ትሰጣለች። ያን ቀን ግን ቀዩን ብዕር አንድ ገጽ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። እኔ የልጁ መልስ አስቸግሯት መስሎኝ አንገቴን ሰግጌ አየሁ። መልሱ ልክ ነበር።

ሁለት ዓመት ለአክስቴ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አጥርቼ እንኳ አላነብም ነበር። ሁለት ዓመት ማለት ለኔ የዕድሜዬን አንድ አምስተኛ ሊያህል ምንም አይቀረውም። ማንንም አልጠየቅኩም። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አድርጌ የሰማሁት አንድ ነገር በቂዬ ነበር፤ ሰዎቹ ክፍል ገብተው ይፈትኗቸዋል ተባለ። ፈተና ከሆነ የሚወድቅ አለ ማለት ነው። የወደቀ ደግሞ ይቀራል።

እናቴ ቃለ መጠይቁን አለፈች። የቀረው ስታስተምር ማየት ነበር። ለእያንዳንዱ መምህር ሃያ ደቂቃ፣ በራሱ ክፍል፣ በራሱ ቋንቋ፣ አስተርጓሚ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ። ከትምህርት ቤታችን አምስት መምህራን ተመዝግበዋል። በዋዜማው ግቢው በልምምድ ታመሰ። የሳይንሱ አስተማሪ ተማሪዎቹን «የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አውጡ። ግራ የሚያወጣን አልጠይቅም» ሲላቸው በግድግዳው በኩል ሰማን። እሱ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። ሦስት ጊዜ ተለማመዱ።

«ቲቸር፣ እኛስ አንለማመድም?» አሏት የኛ ልጆች።

«ምኑን?» አለች እናቴ። «ነገ የማታውቁት ካለ አታውቁትም። አለቀ።»

ልጆቹ አዘኑ። እኔ ግን ልቤ ዘለለ፤ ምን እንደማደርግ ያኔውኑ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን ሁለት ጉንጉን ስትሠራልኝ አንዱን ሁለቴ አበላሽታ ፈታችው። በርዷት ነው ብዬ ሹራቧን አመጣሁላት።

እንግዶቹ አንድ ሽማግሌ ሰውዬና አንዲት ቀጭን ሴት ናቸው። ኋላ ያለውን ዴስክ ይዘው ተቀመጡ። ዴስኩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ የሰውዬው ጉልበት አገጩ ጋ ደርሷል፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ በሳቅ ልትፈነዳ ነበር። ከኛ በፊት ሦስት ክፍል አይተው ስለመጡ ሰውዬው አፉን በእጁ ሸፍኖ አዛጋ። ሴትዮዋ ወረቀቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዕሯን ታሽከረክራለች።

እናቴ ግማሽና ሲሶን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ መሐላቸው የመደመር ምልክት አደረገችና ዞረች። «ማን ይሞክራል?»

እጄ ከሁሉም በፊት ወጣ። ዐይኗ ደረሰብኝ፣ እንደ ልማዷ አለፈኝ። ሌላ ልጅ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አንሾካሾከችለት። እሱም ብድግ ብሎ፣ «ይቅርታ ቲቸር፣ ያቺ ሁለት ጉንጉን የተሠራችው ልጅ እጇን ካወጣች ቆየች፤ ለምን አትጠየቅም ነው የሚሉት» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ሁላችን የምናውቀውን የማያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። እናቴ ጠመኔውን ዘረጋችልኝ።

«ነይ» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኳት ቃል! ሰሌዳው ጋ ስደርስ፣ አልዋሽም፣ ልኩን መጻፍ አማረኝ። ጎበዝ ልጅ እንዳለቻት እንዲያዩላት አማረኝ። ከዚያ «ሁለት ዓመት ምን አላት» የሚለው የአክስቴ ድምፅ መጣብኝና ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደመርኩ። ሁለት አምስተኛ። ከኋላዬ አንዱ «እሰይ!» አለ፤ ግማሹ ክፍል ልክ መስሎታል።

እናቴ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች። ብትቆጣኝ እንዴት ጥሩ ነበር! የምትቆጣ አስተማሪ ማን ይወስዳል ብዬ ጠበቅኩ።

«እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ» አለችኝ።

ጠመኔውን በጣቴ አሽከረከርኩ።

«ንገሪኝ። ምን አስበሽ ነው?»

«አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና ሦስት አምስት» አልኩ ጫማዬን እያየሁ።

«እሺ» አለች። አልሳቀችብኝም፣ ለሌላ ልጅም አላሳለፈችብኝም። ከጠረጴዛዋ ሁለት እኩል የተቆረጡ ረዣዥም ወረቀቶች አወጣች። የአንዱን ግማሽ በቀይ ቀባች። ሌላውን አምስት ቦታ ከፍላ ሁለቱን ቀባች። ከዚያ ተንበረከከች። ልጆቹም እንግዶቹም እያዩዋት፣ ጠመኔ ያቦነነው ወለል ላይ በደህና ቀሚሷ ተንበረከከችና ፊቷ ፊቴ ጋ ደረሰ።

«የቱ ይረዝማል?»

«ግማሹ።»

«ግማሹ ብቻውን ከመልስሽ በለጠ። አንቺ ደግሞ ሲሶ ጨመርሽበት። ጨምረሽበት እንዴት አነሰ?»

አላውቅም አልኳት። «አስቢ፣ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ፤ ጠበቀችኝም። እናንተዬ፣ አጠባበቋ! ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ማንም እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም። ዐይኗን ከዐይኔ ሳትነቅል፣ ከኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «ንገሪኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

ክፍል ውስጥ የኔ ልጅ ብላኝ አታውቅም። ያሰብኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋና እሷን ማስደሰት ብቻ ፈለግኩ። ግማሹን ሦስት ስድስተኛ፣ ሲሶውን ሁለት ስድስተኛ አደረግኩና «አምስት ስድስተኛ!» ብዬ ጮህኩ።

ጭብጨባው ክፍሉን አናጋው። እናቴ ፈገግ እንኳ አላለችም። ቀስ ብላ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ወይ ጉዴ! ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ግን ወዲያው አስተርጓሚው «ይበቃል፣ እናመሰግናለን» አለ። ከሰሌዳው በላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከሃያው ደቂቃ የሄደው አሥራ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹን አስተማሪዎች እስከ መጨረሻው አይተዋቸዋል፤ እሷን አቋረጧት። ሴትዮዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ ገጹን ገልብጣ ትጽፋለች። የእናቴ ጥፋት ገጽ አልበቃው አለ ብዬ በልቤ ጨፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት እንደኔ ያለ ጨዋ ልጅ አልነበረም። ሳልታዘዝ ዕቃ አጥባለሁ፣ ሳልጠራ እመጣለሁ። በደሏን እኔ ብቻ አውቃለሁና ልክሳት ፈለግኩ። አንድ ከሰዓት አክስቴ ልብስ መስፊያ ቤት ስደርስ እናቴ ከስፌት መኪናው ኋላ ቁጭ ብላ፣ ሰው ሊያሰፋ የሰጠውን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች። አክስቴ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋለች። ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ ፖስታ አለ። በቃ፣ መውደቋ ተነገራት አልኩ። ሄጄ አንገቷን አቀፍኩና፣

«አይዞሽ እማ፣ ሌላ ጊዜ ታልፊያለሽ» አልኳት።

ጨርቁን ከፊቷ አነሳች። እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፣ ከበፊቱ ባሰባት። አክስቴ «ውጪ፣ ውጪ አንቺ ልጅ» አለችና ከሠፈር ሱቅ ክር እንድገዛ ላከችኝ። ክር በመደርደሪያዋ ሙሉ ነበር።

እሑድ ላይ ደግሞ አባቴ ፀጉር መሥራት ተማረ። እናቴ እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ እጁን ይዛ «ሦስት ቦታ ክፈል፣ የዳሩን ወደ መሐል» ትለዋለች። መጋዝ የለመደው ጣቱ ፀጉሬን ይነጨዋል። «ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ምስማር የለውም፣ በምን ላጣብቀው?» ይላል። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። የጨዋታ ቀን መስሎኝ ነበር፣ አባዬ እንዲህ ዓይነት ቀልደኛ መሆኑን ሳላውቅ ኖርኩ አልኩ። አራት እሑድ ሙሉ ተማረ። በአምስተኛው እሑድ እሱ ብቻውን ሠራልኝ፣ ጠማማ አድርጎ። እናቴ በአርቡ ሄዳ ነበር።

ስትሄድ የተረዳሁት በገባኝ ልክ ነው። ወድቃም ወሰዷት። ለምን? አሰብኩ አሰብኩና አንድ መልስ አገኘሁ። እዚያ የሚጠብቋት ልጆች ከኔ የበለጡ ጎበዞች ናቸው፤ በእንግዳ ፊት ሁለት አምስተኛ ብላ ያላዋረደቻት ልጅ ፍለጋ ሄደች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፣ ፈጀውም።

ክፍላችን በቀጣዩ ዓመት የሂሳብ መምህር አልተገኘለትም። የስፖርት አስተማሪው፣ «ፉጨት» የምንለው፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይገባና «ገጽ አርባን ሥሩ» ብሎ በመስኮት ኳስ ያያል። ደግ ሰው ነበር፤ ሂሳብ አያውቅም እንጂ። ገጽ አርባን ወሩን ሙሉ ሠራነው። የኛ ወንበር ባዶ የቀረው የሌሎቹ እንዲሞላ መሆኑን ያኔ የሚነግረኝ ቢኖርም አይገባኝም ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለኝ አባቴ ከጎኔ ሆኖ በዐይኑ ይለምነኛል፤ ሆድ አታስብሺያት ማለቱ ነው። «ጥሩ ነው» እላታለሁ። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፣ አራቱ ስድስት ሆነ፣ እንዲያ እያለ ሃያን አለፈ። ውሉን አንድ ጊዜ ለኔ ኮሌጅ፣ አንድ ጊዜ ለአባቴ ሕክምና ብላ አደሰችው። በየሁለት ዓመቱ ለአንድ ወር ትመጣለች፤ እየተላመድን ሳለ ወሩ ያልቃል። አባቴ ካረፈ አራተኛ ዓመቱ ነው።

እኔ ዛሬ የተማርኩበት የዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የሂሳብ መምህር አጥተን፣ ማስታወቂያ አውጥተን፣ ደብዳቤ ጽፈን ሲያቅተን፣ ባለፈው ዓመት ከሌላ አገር ቅጠሩ ተባልን። እኔና አንድ ባልደረባዬ ሄድን። የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሦስት መምህራን አየን። ሦስቱም ክፍል ውስጥ ልጁ ሁሉ እጁን ያወጣል፣ የተጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። ባልደረባዬ አዛጋና፣ «ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ጎበዝ! አንድ የሚሳሳት ልጅ ሳላይ ምኑን ልመዝን?» አለኝ። ጭኔ ላይ ያለውን ቅጽ አየሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ የተያዘው «የተማሪን ስህተት እንዴት ያርማል?» ለሚለው ነበር።

ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ግቢው ወጣሁ። አሥራ አንዱ ደቂቃ፣ የተገለበጠው ገጽ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። ያን ቀን እንግዶቹ ስህተት ያዩት እኛ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ትቅር ብዬ በጻፍኩት ስህተት እናቴን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ የቀጠርናት መምህርት አሁን አምስተኛ «ለ»ን ታስተምራለች። ስልኳ ላይ የሁለት ልጆች ፎቶ አለ፤ ስሄድባት ትገለብጠዋለች።

እናቴ ባለፈው ወር መጣች። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት ቢሆናትም እስካሁን እዚያው ነበረች። ልትቀር መስሎኝ ክፍሏን ቀለም አስቀብቼላት ነበር። በሳምንቱ የባሕር ማዶው ትምህርት ቤቷ ጻፈላት፤ አሁንም መምህር የለም፣ ጡረተኞችን እየጠራን ነው፣ አንድ ዓመት ብቻ ይላል። እሺ አለች። በረራዋ ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ስታጥፍ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። እጇ ቀጥኗል።

«እማ» አልኳት፣ «ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ሆን ብዬ እንደተሳሳትኩ ታውቂ ነበር?»

የቱን ቀን ብላ አልጠየቀችኝም።

«አውቅ ነበር እንጂ። ቤት ያስተማረችሽ ማን ሆነችና!»

«ታዲያ ለምን ቁጭ በይ አላልሽኝም? ለምን እንደዚያ አሳምረሽ አስተማርሽኝ? ተቆጥተሽኝ ቢሆን እኮ ትቀሪ ነበር!»

የያዘችውን ሸሚዝ ግማሽ አጥፋ ተወችው። «ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ» አለች። «ለሂሳቡ መስሎሽ ነው? ለሂሳቡማ አንዴ ይበቃኝ ነበር። አትሂጂ በይኝ ብዬ ነው የጠበቅኩሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብትይኝ ጠመኔውን ጥዬ እወጣ ነበር። አንቺ አምስት ስድስተኛ አልሽኝ።»

ደሜ ፈላ። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር እኮ! ልጅ ነበርኩ እኮ!»

«ነበርሽ» አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ትልቋ እኔ ነበርኩ። እኔ አልሄድም ማለት ሲያቅተኝ ልጄ እንድትልልኝ ጠበቅኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። እዚያ ሆኜም ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ስጠብቅ ኖርኩ። ጥሩ ነው ትይኛለሽ። እኔም ይቺ ልጅ ለምዳዋለች፣ አትፈልገኝም እላለሁ።»

«አንዲት ቀን ሳልፈልግሽ ውዬ አላውቅም።»

«እኔ በምን ልወቅ?» አለች።

ልቆጣት ነበር የገባሁት። ዝርዝር ነበረኝ፣ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት። አንዱም አልመጣልኝ አለ። ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጥኩ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካኝ፤ እንዴት ትንሽ ሆናለች!

«እማ።»

«ወይ።»

«አትሂጂ።»

ወደኔ ዞረች። ሸሚዙን ሻንጣ ውስጥ አልከተተችውም፣ ወደ ቁም ሳጥኑም አልመለሰችውም፤ በሁለት እጇ ጭኗ ላይ እንደያዘችው አየችኝ።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት።